ባትሪውን የሚጨርሰው

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው... ማመኑ የእናንተ ፈንታ።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። የእህቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

የእህቴ የመውለጃ ቀን ደርሷል። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። ታክሲ ወደኛ ዳገት ዝር አይልም። ሐኪም ቤት የምታደርሳት ባሏ በርካሽ ገዝቶ ያቆማት አሮጌ መኪና ብቻ ናት።

መኪናዋ ደግሞ በየጠዋቱ ባትሪ ጨርሳ ትገኛለች። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ደህና ነው።

አንድ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ይመጠምጣል...

ፍለጋው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ትፈታና በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል ታስገባለህ። ከበራ ሌባ አለ ማለት ነው። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ትነቅላለህ። አምፖሉ ሲጠፋ ሌባው ተያዘ።

አምፖሉ በራ። አንዱን ፊውዝ ነቀልኩ። እንደበራ ነው።

አምስተኛውን... እንደበራ ነው።

የመጨረሻውን ነቀልኩ። ባትሪ የሚሞላውን የዲናሞውንና የሞተሪኖውንም ገመድ ፈታሁ።

አምፖሉ ጭራሽ ደመቀ።

እህቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ አንተ ፈዛዛ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሳይገባ ትጨርሳለህ ወይ ብላ ቀለደችብኝ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

የመኪናዋ የኋላ ወንበር ቀስ ብሎ ሰመጠ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰምጠው...

በሮቹ ዝግ ናቸው።

ባትሪውን ነቅዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው እህቴ ከቤት ውስጥ ጮኸች። ምጧ መጣ።

ልመልሰው ጎንበስ ስል...

ሞተሩ ተነሳ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ባትሪው እግሬ ሥር ነው።

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ መጣች። ከንፈሯ ደም የለውም። መኪናዋን ፈራኋት። እህቴን ማጣት ግን የባሰ አስፈራኝ። የኋላውን በር ከፈትኩላት።

መንገድ ላይ በመስታወቱ አየኋት። ከበሩ ተለጥፋ፣ ኩርምት ብላለች።

"እትዬ፣ ጋደም በይ እንጂ።"

አንገቷን ነቀነቀች።

"እትዬ..."

"ቀስ ብለህ አውራ፣" አለች በሹክሹክታ። "የት ልጋደም?"

"ቦታው ባዶ አይደል?"

ይበልጥ በሩ ላይ ተለጠፈች።

የሐኪም ቤቱ በር ከፊት ታየኝ። ደረስን ልላት ዞር አልኩ።

ሁለቱም እጆቿ የበሩን እጀታ ጨብጠዋል።

ቀሚሷ ግን... ሆዷ ላይ፣ በአምስት ጣት ቅርጽ፣ ቀስ እያለ ይጎደጉዳል።