አረንጓዴው ክር

ይርጋ በእግሩ ያልዞረውን ከተማ «አየሁ» የሚል ሰው አልነበረም። የጂኦግራፊ መምህር ስለነበር ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሻንጣውን አንግቶ ይወጣል፤ ጅማን፣ ደሴን፣ ጎሬን እንዲህ ነው ያወቃቸው። ሲመለስ ራት ላይ ለሚስቱ ለአመለወርቅ የትኛው ሰፈር በማን እንደተቆረቆረ፣ የትኛው ገበያ ለምን እንደፈረሰ ይተርክላታል። እሷ ታዳምጣለች። አንድም ቀን «ነይ አብረን እንሂድ» ብሏት አያውቅም።

ከሐረር ሲመለስ ግን ምንም አልተረከላትም። ብዙም ሳይቆይ በተኛበት ቀረ። በለቅሶው፣ እንደ ወጉ፣ የባሏን ቡናማ ኮት ደርባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እንደተቀመጠች፣ ጣቷ ኪሱ ላይ የማታውቀውን ስፌት ዳሰሰ። አረንጓዴ ክር ነበር። ይርጋ መርፌ መያዝ አያውቅም፤ የተቀደደበትን ሁሉ የምትሰፋለት እሷ ነበረች። ለቀስተኛው ሐዘኗን ሲያይ፣ እሷ ኪሱን ጨብጣ በንዴት ነበር የምታለቅሰው።

ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ሻንጣዋን አነሣች። ልጇ ሶስና፣ በልጅነቷ ተሰብሮ በደንብ ያልገጠመ ግራ እግሯን እየጎተተች፣ እስከ አውቶብስ ተራ ሸኘቻት።

«እማ፣ አባዬ እኮ ሞቷል። አሁን ማንን ልትቀጪ ነው?»

«ከተማ ልጎበኝ ነው» አለች አመለወርቅ። «ከተማ ማየት ለአባትሽ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው?»

ሐረር ያረፈችው ይርጋ ያርፍበት በነበረው አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ለባለቤቲቱ ለወይዘሮ ኑሪያ የይርጋን ፎቶ ስታሳያቸው ፊታቸው በራ።

«አቶ ይርጋ! ያቺ ሴትዮስ ደኅና ናት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ከኋላው የማትጠፋዋ። ግቢ ቢሏት አትገባ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ነው። ሻይ ልስጣት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ለማን ብሎ ሳቀብኝ።»

«መሳቅስ ያውቅበታል» አለች አመለወርቅ። ተመናጭቃ ስትወጣ የበሩ ብረት የግራጫ ሹራቧን እጅጌ ክርኑ ላይ ይዞ ቀደደው።

የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ኖራ በተቀቡት ግንቦች አናት ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ አይወርድም፤ ታች እርጥብ ኖራና የተፈጨ በርበሬ የሚሸት ቀዝቃዛ ጥላ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ። ይርጋ በዚህ መንገድ ከሴት ጋር እንዴት እንደሄደ እያሰበች ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወጣች። በግራም በቀኝም የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንኳኩ ነበር፤ እሷ ስትደርስ ግን ያጠገቧ ጋብ ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ጋብ ይላል። ሰፊዎቹ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እንግዳ ስለሆነች ይሆናል ብላ አለፈች። ካለፈች በኋላም ግን መኪናዎቹ ወዲያው አልቀጠሉም፤ ገና የሚያልፍ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ጥቂት ይጠብቁና ከዚያ ነው የሚነሡት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው እግሩን ድንጋዩ ላይ እየሳበ ሲመጣ ሰማች። ሽማግሌ መስሏት ልታሳልፈው ጥግ ይዛ ቆመች። ድምፁም ቆመ።

የሹራቧን ቀዳዳ ሰበብ አድርጋ ከመንገዱ ጫፍ ያለ ጠባብ ሱቅ ገባች። ጋሼ ዚያድ የሚባሉት ሽማግሌ ሰፊ ሹራቡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ግራጫ ክር የለኝም፣ እህቴ። ቀይ ይሁን?»

«የፈለጉት ይሁን።»

«ኋላ እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው» አሉ መርፌውን እያስገቡ። «አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ አስተማሪ የቡናማ ኮቱን ኪስ በአረንጓዴ ብሰፋለት፣ ሚስቴ ትገድለኛለች ብሎ ሲስቅ ሲስቅ።»

አመለወርቅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ ተሸክማው የከረመችው ንዴት ማረፊያ አጣ። የሰፋችለት ሴት የለችም። ሳቅም እንባም መጣባት፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«ደግሞ ብቻዬን ነኝ ብሎ ይዋሻል» አሉ ጋሼ ዚያድ። «ሚስቱ እኮ እዚሁ ደጅ ቆማ ነበር።»

«ሚስቱ?»

«ትሁን አትሁን እንጃ። ነጠላዋን ስለጣለች ፊቷን አላየሁም፤ ሐዘንተኛ ናት። እኔን የገረመኝ ኮቱ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሱ ኮት እጄ ላይ ነው፣ እየሰፋሁት። እሷ እዚያ ያንኑ ኮት ለብሳለች። ኪሱ ላይ የኔ አረንጓዴ ክር አለ። እኔ ገና ያልጨረስኩት።»

ጣቶቿ ስፌቱን አስታወሱት። ያንን ኮት በሐዘን የለበሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷ ራሷ።

«ታዲያ ሊሞት መሆኑን ለምን አልነገሩትም?» አለች ተነሥታ። ድምፅዋ እስከ ደጅ ተሰማ። «ቆመው አይተው ዝም አሉ? ሁላችሁም አይታችሁ ዝም አላችሁ?»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

በደጅ ያሉት የስፌት መኪናዎች ጋብ አሉ። ጋሼ ዚያድ ከእሷ ትከሻ ባሻገር ወደ በሩ አዩና ሹራቡን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሌላውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ፤ ለእሷ ግን አልነበረም።

ከኋላዋ አንድ እግር በድንጋዩ ደፍ ላይ ተጎተተ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ!» ብላ ጮኸች አመለወርቅ ሳትዞር። «ሶስና፣ ሂጂ ብያለሁ!»

ስትዞር ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለች አንዲት ልጅ የእናቷን ግራጫ ሹራብ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ መርፌው ጋሼ ዚያድ በያዙት ሹራብ ክርን ላይ ገና እንደተሰካ፣ የልጅቷ ክርን ላይ ግን ቀዩ ክር ተሰፍቶ አልቆ ነበር።