ስልሳ ኪሎ የሚችል ክር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከቡሬ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር ወርዶ፣ ፈጣም ወንዝ ዳር። ዘመኑ 1996 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት።

አዎ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣ ያላችሁ ማን ነው? የኛ አገር ሰው በቀትር ለብቻው ወንዝ አይወርድም። ዳዊት የደገመ ሁሉ ጋኔነ ቀትርን በስሙ ያውቀዋል።

የነገረኝ ባለታሪኩ እጅጉ ራሱ ነው። የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ በዕድሜው የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያችን አንዷን ውሸት ነው የምነግራችሁ...

እጅጉ ገበሬ ነው። ጾም ሲደርስ ደግሞ ዓሣ እያጠመደ ቡሬ ላሉ ምግብ ቤቶች ያቀርብ ነበር። የሚያጠምደው ከታናሽ ወንድሙ ከወንዳወቅ ጋር ነው። ወንዙ ከገደል ስር ሰፍቶ የሚተኛበት፣ ትልቅ ዋርካ የበቀለበት ቦታ አላቸው። አንዱ ከዋርካው ስር፣ ሌላው ከዐለቱ ጀርባ ይቀመጣሉ። አይተያዩም። ዓሣው እንዳይሸሽም አይጠራሩም።

ስለዚህ በመሃላቸው አንድ ክር ይዘረጋሉ።

ሳብ... ሳብ። ሁለቴ ከሆነ "ያዝኩ፣ ና" ማለት ነው።

ይህን ምልክት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ወንዳወቅ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። አገሩ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ወንዙን ተከትሎ ፈለገ። ሬሳው አልተገኘም።

እናታቸው እማማ አቻምየለሽ መርዶውን አልቀበልም አሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ ቄስ ለመነ።

"ልጄን አፈር ሳላለብሰው አላለቅስም" አሉ። በቃ።

ለቅሶ የለ፣ ፍትሐት የለ። ሲመሽ በሩን ሳይቀረቅሩ ይተኛሉ። እህል ከአፋቸው አልገባ አለ። እጅጉ እናቱ በቁማቸው ሲያልቁ እያየ አንጀቱ ተቃጠለ። የወንድሙን አጥንት እንኳ ቢያገኝ እናቱን ያተርፋል፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ለዓሣ ወረደ። ብቻውን ነው። ዓሣው እምቢ ብሎት ሳያስበው ቀትር ሆነ። ሊነሳ ሲል ክሩ ከበደው።

ሳበ። ክሩ ላላ።

ቀጭን ክር ነው፣ አምስት ኪሎ ቢችል ነው። ባርቦ ለሚሉት ዓሣ ይበቃል፣ ለሌላ አይሆንም። "ተበጠሰብኝ" ብሎ ጠቀለለና ጫፉን አየ...

አልተበጠሰም።

መንጠቆው ተፈቶ ተወስዷል። ጫፉ ላይ አዲስ ቋጠሮ አለ። ሁለት ዙር ዞሮ ወደ ኋላ የተመለሰ። እጅጉ እንዲያ አይቋጥርም። እንዲያ የሚቋጥር ወንዳወቅ ነበር።

በማግስቱ አሥራ አምስት ኪሎ የሚችል ክር ገዛ። ይህ ትልቅ አምባዛ ያወጣል። ቀትርን ጠብቆ ጣለው።

ያው ክብደት። ያው መላላት። ያው ቋጠሮ።

ግን ከመላላቱ በፊት...

ሳብ። ሳብ።

እጅጉ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ኪሎ የሚችል ይዞ ወረደ። እሱም ላላ፤ እሱም ተቋጥሮ ተመለሰ። አሁን ሲያስበው የሚገርመው ነገር አለ፤ ያኔ ግን ልብ አላለውም። ውሃው ላይ የወደቀው የዋርካ ቅጠል ወደ ታች አይወርድም ነበር... ወደ ላይ ነበር የሚሄድ።

ዕለቱን አያ ባምላኩ ዘንድ ሄደ። ሁለቱን ወንድማማቾች ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ነገራቸው።

"ስንት ኪሎ ነበር ያልከኝ?"

"ሠላሳ፣ አያ።"

"አሁንስ?"

"ስልሳ የሚችል አለ አሉኝ። እሱ ይበቃል።"

 ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"አንተ ራስህ ስንት ትመዝናለህ?"

 እጅጉን መስከረም ላይ ጤና ጣቢያ መዝነውት ነበር። ሃምሳ ስምንት።

"ምን ብዬ ነበር ያስተማርኋችሁ?" አሉ አያ ባምላኩ። "ክር ከዓሣው ይበርታ፣ ከሰውየው ይድከም። ከሰውየው ከበረታ ማን ማንን እንዳጠመደ አይታወቅም።"

"ወንድሜ እኮ ነው፣ አያ። ምልክቱን ያውቃል።"

"ዓሣም ትሉን ያውቀዋል፣ ልጄ። መንጠቆውን ነው የማያውቅ።"

አልሰማቸውም። በማግስቱ ስልሳውን ገዛው። ሽማግሌውም ማስቀረት ቢያቅታቸው ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሉት።

ክሩ እጅ ስለሚቆርጥ እጅጉ ጫፉን ወገቡ ላይ አሰረው። ሌላውን ጫፍ ወረወረ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ወፉም ዝም፣ ውሃውም ዝም።

ሳብ። ሳብ።

"መጣሁ፣ ወንዴ" አለ በሹክሹክታ። መሳብ ጀመረ። መጣለት። ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ... ከዚያ ቆመ።

ከዚያ ክሩ መሄድ ጀመረ።

አይነጥቅም። አይቸኩልም። ሳብ አድርጎ ያርፋል፤ ሳብ አድርጎ ያርፋል። እጅጉ ይህን አሳሳብ ያውቀዋል። ትልቅ ዓሣ ክር እንዳይበጥስ ባለሙያ እንዲህ ነው የሚያደክመው።

እግሩ ተንሸራተተ። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። ደረቱ ደረሰ። አጎንብሶ ቢያይ፣ ከስሩ አንድ እጅ ክሩን በዝግታ ይጠቀልላል...

ቀኝ እጅ ነው።

ወንዳወቅ ግራኝ ነበር።

 የማጭዱን ድምፅ ነው የሰማው። አያ ባምላኩ ክሩን ከወገቡ ስር ቆርጠው በአንገትጌው ጎትተው አወጡት። ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘርረው ቆዩ።

"ለእናትህ ያየኸውን ንገር" አሉት ሽማግሌው። "ልጃቸው እዚያ የለም በል። ተስፋ ይቁረጡ።"

"እሺ፣ አያ" አለ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁታል። አንገታቸው ቀጥኖ፣ ዓይናቸው ገብቶ።

"አገኘኸው?"

እጅጉ ፊታቸውን አየ። እዚህ ላይ ነው የዋሸው።

"ነበር፣ እምዬ። ሁለቴ ሳብ አደረገልኝ፤ ያዝኩ፣ ና ማለቱ ነው። ክሩ ነው ያልቻለው።"

እማማ አቻምየለሽ ፈገግ አሉ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። በዚያ ማታ እራት በሉ። በሩንም ራሳቸው ቀረቀሩት። እጅጉ "እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደግ ውሸት ነው" ብሎ እፎይ ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ጤፍ ሲያጭድ አረፈደ። ምሳውን ሊበላ ቤት ሲገባ እናቱ የሉም። ጠራ። የሚመልስ የለም።

ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ጎድሏል...

መጫኛው የለም። ወንዳወቅ ራሱ ከበሬ ቆዳ የገመደው ነው። አህያ ይጫንበታል፣ ያበደ ወይፈን ታስሮበት ያውቃል። በቤቱ ውስጥ ከዚያ የሚበረታ ገመድ የለም።

ክሩ ነው ያልቻለው ብሏቸዋል።

እጅጉ ማጭዱን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ፀሐይ አናቱ ላይ ነበረች።

ዋርካው ስር የእናቱ ነጠላ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ጫማቸው ከአጠገቡ። የመጫኛው አንድ ጫፍ ከዋርካው ግንድ ላይ ታስሯል፤ እናቱ ጥጃ የሚያስሩበት ቋጠሮ ነው።

ሌላው ጫፍ ውሃ ውስጥ ነው። ተወጥሯል።

"እምዬ" አለ። 

ውሃው ዝም ብሏል። ቅጠሉ ወደ ላይ ይሄዳል።

እጁን ዘርግቶ መጫኛውን ያዘ...

ሳብ።

ሳብ።