የመስኮቱ ሙሽሮች

«ከላይ ይጀምሩና ፊደሎቹን ያንብቡልኝ» አለችው።

ሰውዬው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘነበለ።

«አይታዩዎትም እንዴ?»

«ኧረ... ሰሌዳው ፊት ቆመው እኮ ነው!»

ክው አለች! ዘላ ከሰሌዳው ፊት ልትሸሽ ስትል እግሩን ረገጠችው። ሰውዬው ግን እየሳቀ፣

«ግድ የለም፣ እዚያው ይቁሙ» አላት። «ከፊደሎቹ ይልቅ እርስዎ ጥርት ብለው ይታዩኛል።»

መነጽር ቤት ውስጥ ዓይን እየለካች መነጽር የምትገጥም ልጅ ናት። ስትናገርም ስትሄድም ስለምትቸኩል እናቷና ታናሽ እህቷ «ጥድፊት» ይሏታል። ሰውዬው ደግሞ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ከፎቅ አናት ላይ ቀጫጭን ሽቦ ሲፈታ ሲያስር ዓይኑ አስቸግሮት ነው የመጣው።

መነጽሩን ሊወስድ መጣ። ከዚያ ጠበበኝ ብሎ መጣ። ከዚያ ሰፋኝ ብሎ መጣ።

«ዛሬስ ምን ሆነብዎት?» አለችው፣ ሳቋን እንደ ምንም አፍና።

«ዛሬስ መነጽሩ ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» መጣ። ከሥራ በኋላ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ረጅም መንገድ በእግር። በአንድ ዓመት እንደምትበልጠው ስታውቅ ደግሞ መከራውን አበላችው።

«ታላቅህ ነኝ! አክብረኝ!»

«እሺ ጋሼ» ይላታል፤ መንገደኛው ዞሮ እስኪያያቸው ይስቃሉ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ወሰደችው። እናቷ ወደዱት። እህቷማ ገና ከበሩ «አሳንሰሩ መጣ!» ብላ ጮኸች፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጥድፊት ግን በሕይወት የሌለውን አባቷን ሳይቀር ልታስተዋውቀው ቸኩላለች፤ አባቷ ፎቶ አንሺ ነበር፣ የቤተሰቡም ፎቶ በአንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ታጭቋል።

«ይቺ እኔ ነኝ፣ ጥርሴ ሲነቀል። ይሄ ጥላው ብቻ የሚታየው አባቴ ነው፤ አገሩን ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ እሱን የሚያነሳው አጥቶ! ይቺ አያቴ ናት፤ ካሜራ ስትፈራ ዓይኗን ትጨፍናለች...»

ሁለቱም በሳቅ ወደቁ። እህቷ ትኩር ብላ አየቻቸውና፣

«እናንተ ስትስቁ እኮ ቁርጥ አንድ ናችሁ! ወንድምና እህት ነው የምትመስሉት!» አለች።

በዚህ መሃል እናቷ ከጓዳ ተጣሩ። ጥድፊት ብድግ እያለች አንድ ፎቶ መዘዘችና በእጁ አስያዘችው።

«ይቺን እያየህ ጠብቀኝ! ታሪኳን የምነግርህ እኔ ነኝ፣ እማዬ እንዳትቀድመኝ!»

የሻይ ትሪውን ይዛ ስትመለስ አሳንሰሩ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልሂድ... ሥራ ጠሩኝ።»

«በእሁድ?»

ፎቶውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም፤ መነጽር ቤቱ በር ላይም አይታይም። ጥድፊት መጀመሪያ ጠበቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተናደደች።

«ቤታችንን አይቶ ንቆን ነው!»

«ሳትጠይቂ አትፍረጂ» አሏት እናቷ። «ሂጂና ከአፉ ስሚ።»

እሷ ደግሞ ሂጂ ከተባለች ማን ይመልሳታል! የሚሠራበትን ሕንፃ አጠያይቃ ደረሰች። የሕንፃው አሳንሰር ተበላሽቶ ቆሟል፤ ጠጋኙም ከላይ፣ ከሞተሩ ክፍል ነው። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ደረጃውን ተያያዘችው። ከላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ሰው... ሰው ይጠላል! ግን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ?»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አልጠላሁሽም። ብጠላሽማ እንዴት በቀለለኝ!»

«ታዲያ ምንድን ነው? ተናገር!»

«በዚያ ፎቶ ላይ... ከእናትሽ ጎን ሙሽራ ሆኖ የቆመው ሰው...» መፍቻውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አባቴ ነው።»

ጥድፊት አፏን ከፈተች።

«አሁን እንዳልጠይቀው ሞቷል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን እናቴ የምትለው ነገር አለ። አባትህ ከእኔ በፊት ሌላ አግብቶ ነበር፣ ልጅም ሳይኖረው አይቀርም ትለኛለች። አንቺ ታላቄ ነሽ። ስንስቅ እንመሳሰላለን። ታዲያ እንዴት ብዬ ዓይንሽን ልየው?»

ጫማዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ! ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንቺ! እኔ እየሞትኩ ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ?»

«የመስኮት ሙሽሮች እኮ ናቸው! አባቴ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት መስኮቱ ላይ የሚሰቅለው የሙሽራ ፎቶ አልነበረውም። ቀሚስና ሱፍ ተዋሰ። ከጎረቤት አንድ ወጣት ለመነ፤ ሴቷ ደግሞ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የገባች ልጅ ናት። እማዬ! አባቴ በካሜራው ሲያያት ልቡ ጠፋ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እያለ ፊልሙን ጨረሰው። ሙሽራው አባትህ ይሁን እንጂ ያገባት ፎቶ አንሺው ነው!»

አሳንሰሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው።

«እውነት ይሁንልኝ... ግን እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተቃጠለችበት ነገር ነው። እሷም ትስማው።»

በማግስቱ እናቷ ፎቶዎቹን በመሀረብ ጠቅልለው ከልጃቸው ጋር ወደ አሳንሰሩ ቤት ሄዱ። እናቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ፎቶውን ገና ሲያዩት ብድግ አሉ።

«ይቺ ናት! እዚያ መስኮት ላይ ስትስቅብኝ የኖረችው ይቺ ናት!»

የጥድፊት እናት አልተቆጡም። ሌላ ፎቶ አወጡ፤ ከኋላ የተነሳ ነው።

«ቀሚሱን ይዩልኝ፣ እህቴ። ሰፍቶኝ በልብስ መቆንጠጫ ነው የተያዘው። የትኛዋ ሙሽራ ናት መቆንጠጫ ሰክታ የምትዳር?»

ቀጥሎ ሦስተኛውን አስቀመጡ። ወጣቱ ሙሽራ ባዶ እግሩን ቆሟል፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

«ጫማው እምቢ ብሎት ነው።»

አዋላጇ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«እግሩ ትልቅ ነበር...» አሉ በቀስታ። «እንዲህ ሲስቅ የተነሳው ፎቶ የለኝም።»

«ይውሰዱት። የእርስዎ ነው። ደግሞ ያን ቀን ምን እንዳለ ልንገርዎት? ለምን እሺ እንዳለ ስንጠይቀው፣ ‹አዋላጅነት የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ በዚህ መንገድ ነው የምታልፈው። በሱፍ ሆኜ ብታየኝ ትወደኝ ይሆናል› አለ። ቀኑን ሙሉ ወሬው ስለ እርስዎ ነበር።»

አዋላጇ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እኔ ያኔ መንገድ ቀይሬ ነበር... ፎቶውን ያየሁት ከተጋባን በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳ ‹ይቺ ማናት?› አላልኩትም። እልህ! ከዚያ መስኮት ተመልሼ ፊቴን አጠቁርበታለሁ፤ እሱ ዝምተኛ፣ ምን አጠፋሁ እንዳለ ሞተ።»

አለቀሱ። የጥድፊት እናት ከጎናቸው ተቀምጠው ትከሻቸውን አቀፉ። አሳንሰሩ ከጥድፊት ጎን ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አዋላጇ ግን ቀና ብለው እንባቸውን ጠረጉና ልጃቸው ላይ አፈጠጡ።

«አንተስ? የአባትህን ዝምታ ልትደግም ነው? በአፍህ የያዝከውን አውጣው!»

አሳንሰሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እንግዲህ... ዘመድ ካልሆንን... ዘመድ ብንሆንስ?»

«አልገባኝም!» አለች፣ እንደ ፀሐይ ቦግ ብሎ የበራው ፊቷ እንደገባት እያሳበቀባት። «በደንብ ጠይቀኝ!»

«ታገቢኛለሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«አዎ! አዎ አልኩህ!»

ሁለቱ እናቶች ተያይዘው ሳቁ፤ ማን መጀመሪያ እንደሚስማቸውም ተሻሙ።

ዓመቱ ሳያልቅ ተጋቡ። አዋላጇ የባላቸውን ፎቶ ትልቅ አድርገው አሳጠቡና አልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት። ጥድፊት አማቷን ልትጠይቅ አንድ ጠዋት ብቅ ስትል፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ድምፃቸውን ሰማች። ፀጉራቸውን እያበጠሩ እንደ ኮረዳ ተሽኮርምመው፣

«እስቲ ንገረኝ አንተ ሰው» ይሉታል፣ «ምን እንዲህ ያስቅሃል?»