ቋጠሮ፣ ነዳፊውና የዳንቴሉ በረዶ

ነዳፊው ገና ሥራ በገባበት ቀን የቋጠሮን ዳንቴል ውኃ ውስጥ ነከረባት።

ቋጠሮ የእናት አባት ስሟ አይደለም። በአክስቷ የሙሽራ ልብስ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው ያወጡላት። በትንሽ መወርወሪያ ክር እየቋጠረች ዳንቴል ስትሠራ የሚደርስባት የለም፤ ቂም ከቋጠረችም የሚፈታው የለም። እሱንም ነዳፊ ያሉት እነሱ ናቸው። ሥራው የዳንቴል ንድፍ በወረቀት ላይ መንደፍ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከንብ ይብሳል።

አክስቷ በዚያ ሰሞን በዳንቴል የበረዶ ቅንጣቶች የተነሰነሰ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ልታወጣ አስባ ነበር። ቅንጣቱን የፈጠረችው ቋጠሮ ናት። መሐሉ ላይ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ስድስት ጫፎች ይወጣሉ፤ ጫፎቹን ደግሞ ትንንሽ ቅስቶች ያያይዟቸዋል። ይሁንና ሙሉ ዓይነ ርግብ በአንድ ሰው እጅ አይዘለቅም። ሌሎቹ ሴቶች እያዩ የሚሠሩበት ንድፍ ያስፈልጋል፤ ነዳፊው የተቀጠረውም ለዚሁ ነው።

ሁሉም ባሉበት ቅንጣቷን አንሥቶ አገላብጦ አያት። ከዚያ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ውስጥ ጣላት። ሲያወጣት፣ ቅድም እንደ ኮከብ ተዘርግታ የነበረችው ቅንጣት ጠርዟ ወደ ላይ ተቀልብሶ ጎድጓዳ ሳህን መስላ ቁጭ አለች።

«ያቃናት ስታርችና ካውያ ነው» አለ። «ሙሽራዋን ዝናብ ካገኛት ራሷ ላይ ሳህን ደፍታ ነው የምትገባው።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። ቋጠሮ ግን ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ያንን አገጭና ያንን ግንባር የት እንደምታውቀው ሲገባት ደሟ ፈላ።

«ወንድምህ ሰርቆኝ ሄደ» አለችው። «አንተ ደግሞ የተረፈኝን ልታጥብ መጣህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቋጠሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህን ሰው ታላቅ ወንድም ልታገባ ነበር። ለሠርጓ ብላ የፈለሰፈችውን የወይን ቅጠል ዳንቴል እጮኛዋ የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ ለአንድ መደብር ሸጠው። ስትደርስበት ቀለበቱን ጥላለት ወጣች። ለምን እንደወጣች ለማንም አልተናገረችም። እሱ ግን ሌላ ወዳ ነው ብሎ አስወራ። እናቱ አመነችው፤ ከጎረቤት ዓይን ተሸሽጋ ከረመች። ታናሹ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ይማር ስለነበር የቋጠሮን ፊት አያውቅም፤ የእናቱን ዕንባ ግን አይረሳም። አሁን ማን እንደሆነች ሲገባው የእሱም ፊት ጠቆረ።

አክስቷ ሁለቱንም ሰማቻቸው። እሱን የቀጠረችው በእጁ እንጂ በዘሩ እንዳልሆነ ነገረቻት፤ እሱንም ደመወዝ የሚከፈለው ለምላሱ እንዳልሆነ አስታወሰችው።

«መጀመሪያ በረዶዋን አቃኑልኝ» አለች። «መባላቱ ይደርሳል።»

መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰላምታ የለም። እሱ ቅስቶቹ አጥረው ጫፎቹን ስለሚጎትቱ ነው የምትቀለበሰው ይላል። እሷ ደግሞ ወረቀት የሚጭር ሰው ስለ ክር ምን ያውቃል ትላለች። በእልህ ቅስቶቹን ከልክ በላይ አስረዘመቻቸውና ቅንጣቷ ተሸብሽባ ስትወጣ ፊቱ ወረወረችለት። «ይኸው፣ ጎመን» አለችው።

እሱም አልተናደደም፤ ወይም አላሳየም። የተሸበሸበችውን ቅንጣት በጣቱ ጠፍጥፎ ብዙ አያት። መልሱን ያገኙት ግን እየተሰዳደቡ ነው። ቅስቶቹ ትንሽ መርዘም ነበረባቸው፤ እዚህ ላይ እሱ ልክ ነበር። የመሐሉ ቀለበትም ለጫፎቹ ቦታ እንዲሰጥ መስፋት ነበረበት፤ ይሄኛውን ያየችው እሷ ናት። የትኛው ይበልጥ ትክክል እንደሆነ ሲጨቃጨቁ ሳምንት አለፈ። በዚህ ሙያ አንዴ የተዘጋ ቀለበት አይከፈትም፤ ቆርጦ ጥሎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የተጣሉት ቅንጣቶች ካርቶን ሞሉ።

እሷ አላስረዳውም ስትል እሱ ራሱ መወርወሪያ አነሣ። ክሩ ጣቱን ቆረጠው። የጫማ ማሰሪያ ነው እንዴ የምታስረው እያለች ተሳለቀችበት። አንድ ከሰዓት ግን ማየቱ አስጠላትና እጁን ያዘችው።

«ይሄኛውን ክር ልቀቀው» አለችው። «አጥብቀህ ከያዝከው ቋጠሮው አይዞርም። ሲላላ ነው ራሱ የሚገባው።»

ላላ አደረገው፤ ቋጠሮውም ዞሮ ገባ። እጇን ከእጁ ላይ ያነሣችው ከሚያስፈልገው ጥቂት ዘግይታ ነው። በማግሥቱ ከወትሮው የባሰ ተሰዳደቡ።

በአንዱ ጠብ መሐል ወንድሜን ለምን እንደከዳሽው ንገሪኝ አላት። ለሰው ተናግራ የማታውቀውን የወይን ቅጠሉን ነገር ያኔ ለእሱ ተናገረች። ውሸታም ብሏት ወጣ። በነጋታው ግን ያንን ቅጠል ሥሪልኝ አላት። እሷም እጇን ሳታይ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሠራችው። ተቀብሎ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠመዝማዛ ቋጠሮ ደጋግሞ አያት። ወንድሙ የፈጠርኩት ነው እያለ እናታቸው ጠረጴዛ ላይ ባነጠፈው ዳንቴል ላይ ያቺው ጠመዝማዛ አለች። ኮቱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ እሷን ደግሞ ዝምታው ይበልጥ አስፈራት። በመጨረሻ በረዶዋ ተቃናች። ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ያለ ካውያ አድርቀው አዩዋት፤ ጠረጴዛው ላይ እንደ ወረቀት ለጥ ብላ ተኛች። ተያዩ። የመጀመሪያ ፈገግታዋ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ በመስኮት ስታይ፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት በር ላይ ነዳፊው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተቀምጧል። የተጠቀለለው ንድፍ ጉልበቱ ላይ ነው፤ የወንድሙ እጅ ትከሻው ላይ። ቋጠሮ ሌላ ነገር አላየችም። መቀስ አንሥታ የተቃናችውን ቅንጣት ቆራረጠቻት።

ሲመለስ ቁርጥራጩን አየ።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለችው።

ንድፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግሥቱም አልመጣም።

የመጣችው እናቱ ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ለዓመታት ያጠራቀመችውን አወረደችባት።

«አንዱን ልጄን አዋረድሽው። አሁን ደግሞ ሌላው የገዛ ወንድሙን ሌባ ብሎት ከቤቴ ወጣ። ታላቁ ንድፉን ስጠኝና አብረን እንሽጠው ቢለው፣ የእሷ ነው፣ የለመደ እጅህን አንሣ ብሎ መለሰለት። ምን አስነክተሽው ነው?»

ሴቶቹ ጠብ ጠበቁ። ቋጠሮ ግን መወርወሪያዋን አስቀመጠች። ታናሹ የት እንዳለ ብቻ በቀስታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ባውቅ ኖሮ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ ብላት ወጣች።

ጠይቃ ጠይቃ አንድ የጓደኛው ማተሚያ ቤት ውስጥ አገኘችው። ወረቀት እየቆረጠ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት።

«መጠየቅ ማንን ገደለ?» አላት።

ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ነገረችው። በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዲህ ብላ እንደምታውቅ የሚያውቋት ይመስክሩ።

«ይቅርታሽ እንደ ስታርችሽ እንዳይሆን» አለ። «ውኃ ሲነካው እናያለን።»

አልሄደችም። የወረቀት ክምር ላይ ተቀምጣ መወርወሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ንድፉንም ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በረዶዋን እንደ አዲስ ጀመረቻት። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ይሁን ተሳስታ አይታወቅም፣ ቅስቱን አሳጠረችው። እሱ ከሩቅ አየ። ታገሠ፣ ታገሠ፤ በመጨረሻ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ንድፉን ያነብላት ጀመር።

«ገና ተናድጄብሻለሁ» አላት በመሐል።

«ተናደድ» አለችው። «እኔ የትም አልሄድም።»

ሴቶቹ ከንድፉ እያዩ ዓይነ ርግቡን ጨረሱት፤ ሌላ ሙሽራ ደፍታው ተዳረች። የቋጠሮና የነዳፊው ተራ የደረሰው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም ያለ ድግስ፣ በማዘጋጃ ቤት። የእሷ ምስክር አክስቷ ሆነች። የእሱ ምስክር የሚሆነው ጓደኛው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጸሐፊው ሌላ ቀን ኑ ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ ኮሪደሩ ጥግ አግዳሚ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ተነሣች። መቼ እንደመጣች ያየ የለም። ልጇን ሳታይ፣ ሙሽራዋን ሳትስም በመሐላቸው አልፋ ከጸሐፊው እጅ እስክሪብቶውን ወሰደች።

«ልፈርም ነው የመጣሁት» አለች። «አልታረቅኩም።»

ቋጠሮም ወንበሩን ሳበችላት።