ማኅበሩ የት ነው?

«ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ቤት የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ትሕትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ባለሱቁ ግን ቦንጋ በሙሉ እንዲሰማለት የፈለገ ይመስል ጮክ ብሎ መለሰላት። «እዚያ ዳገቱ ላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ሂጂ፣ ዛሬ ተሰብስበዋል።»

አባቷ ጣሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጫማውን ያያል። መጠየቅ የእሷ ሥራ ነው። ቢሮ ደውላ «ወባ ይዞት ነው» የምትለው እሷ፣ ጠጅ ቤት የረሳውን ጃኬት የምታመጣው እሷ፣ አሁን ደግሞ መፍትሔ የምታፈላልገው እሷ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ደክሟታል፤ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ዓይነት ድካም ነው።

እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቢታ ገነት ወላጆቿ ቤት ገብታለች። «መጠጡን ሲተው እመለሳለሁ» ብላ ነው የሄደችው። ትሕትና «ፈተና ደርሷል» ብላ ቀረች። ፈተናው ሰበብ ነው፤ አባቷን ብቻውን መተው ፈርታ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ፀዲ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች እሁድ እሁድ ከሰዓት እየተገናኙ እንደሚደጋገፉ ነገረቻቸው። «አዲስ ማኅበር ነው። ከገበያው በላይ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል» አለች። ዛሬ ጠዋት አባቷ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጺሙን ተላጨና «ዛሬ ካልሄድኩ ሌላ ቀን አልሄድም፤ ራሴን አውቀዋለሁ» አላት።

አረንጓዴው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ትሕትና ደስ አላት፤ ሲያለቅሱ እናገኛቸዋለን ብላ ፈርታ ነበር።

«ጋሽ ጣሰው፣ ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለዎት? ግቡ፣ ግቡ» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ ላቀች። ትሕትና ነገሩን ሳታጣራ ከአባቷ ጋር አግዳሚው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ዳቦም ተቆርሶ ቀረበላቸው። ያኔ ነው ጥግ ላይ የቆመውን ጋን ያየችው። ከጋኑ አጠገብ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ክው ብላ ቀረች።

ማኅበር ብላ ጠየቀች፣ ማኅበር አሳዩዋት። የጊዮርጊስ ማኅበር። እሁድ ከሰዓት ማኅበር የሚጠይቅ ሰው ከጠላ ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል?

እትዬ ላቀች ብርጭቆ ሞልተው ለአባቷ አቀረቡ።

«ኧረ ይቅርብኝ» አለ።

«ጠበል ጻዲቅ እኮ እምቢ አይባልም። የሰማዕቱ ነው፣ ለበረከት ይቅመሱ።»

አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ አንተ መግደርደር የጀመርከው?» ሲሉ ቤቱ ሳቀ። ክፋት የለባቸውም። ክፉዎች ቢሆኑ ለትሕትና ይቀላት ነበር።

አባቷ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ትሕትና ይህን ስታይ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘናት። ይቀምሳል፣ ይደገምለታል፣ ነገ እሷ ቢሮ ትደውላለች፣ እናቷ እዚያው ቢታ ገነት ትቀራለች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። ብትናገር ግን ሰኞ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል፤ የእትዬ ላቀች ልጅ ሜሪ አብራት ነው የምትማረው። ሼም ነው።

«እትዬ ላቀች» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «ተሳስተን ነው የገባነው። አባዬ መጠጥ ሊያቆም ነው። የምንፈልገው መጠጥ የተዉትን ሰዎች ማኅበር ነበር።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። እትዬ ላቀች ብርጭቆውን ከአባቷ እጅ ቀስ አድርገው ወሰዱ።

«በረከቱ ዳቦውም ላይ አለ» አሉ። «ሰማዕቱ ይርዳዎት።»

ከግቢው ሲወጡ አባቷ ቀድሟት ሄደ።

«አዋረድሽኝ» አላት ሳይዞር።

«አውቃለሁ።» ይቅርታ ልትለው አሰበች፤ ግን ከልቧ ስላልሆነ ተወችው።

ትንሽ አለፍ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቤት ይወርዳል፣ ሌላው ዳገቱን ይቀጥላል። መገንጠያው ላይ አንዲት ሴት ኮረሪማ ዘርግታ ትሸጣለች። አባቷ ቆመና እንደ ልማዱ ወደ ልጁ ዞረ።

«ጠይቂያት» አለ።

መጠየቁ ቀላል ነበር። ሴትዮዋም ደግ ትመስላለች። ትሕትና ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ደክሞኛል አባዬ። አንተ ጠይቅ።»

ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ። አባቷ ወደ ቤት የሚወርደውን መንገድ ብዙ አየው። አልጠራችውም፤ ላለመጥራት ግን ጥርሷን ነክሳ ነው። በኋላ ሴትዮዋ ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለ። በካፊኖኖ ጠየቃት፣ በእናቱ ቋንቋ። ማኅበር ምናምን አላለም፤ ነገሩን ዘርግቶ ተናገረው።

«መጠጥ አሸንፎኛል። የተዉት ሰዎች የሚገናኙበትን ቤት ታውቂያለሽ?»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደ ዳገቱ ጠቆመች። ረጅም ነገር ነገረችው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ታውቀዋለች» አለ ሲመለስ።

«ልሸኝህ?»

«አይ። አንቺ ቤት ግቢና ተኚ።»

ዳገቱን ሲጀምር ቆማ አየችው። ከላይ መታጠፊያ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ይቀጥል ወይስ ይመለስ እንደሆነ ማየት ፈለገች። ጥቂት ብትጠብቅ ታየው ነበር።

ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ወረደች።