ቦራን ማን መታው?

የተሻገር ሬሳ ከጨለማው ጎጆ ደጃፍ፣ አንገቱ በውሻው ተዘንጥሎ፣ በጋቢ እንደተጠቀለለ ተጋድሟል። የስማዳ ሰው ጥፋተኛ ለማግኘት መች ተቸገረና! ክፉ ውሻ እንዲያርሙ የተጠሩትን መሪጌታ ገብረ መድኅንን ከግራር ጋር አስሮ ጠበቀ። ከወገዳ ፖሊስ ጣቢያ የመጣው የመቶ አለቃ ዋለ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ችኩል ሰው አይወድም።

«ምን አድርገው ታሰሩ?»

«በመድኃኒቱ ውሻውን አሳብዶ ወንድሜን አስበላው» አለ የሟች ታናሽ በላይነህ፣ በእጀ ጠባቡ ብቻ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ። «ይውሰዱትና ይሰቀልልን።»

ዋለ ወደ ታሳሪው ዞረ። «አባቴ፣ ምን ነበር ያዘዙት?»

«ውሻው ቦራ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ቢጀምር ተሻገር እስቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። ሳየው የተደበደበ ውሻ ነው። ማን መታው ብል ቤተሰቡ በሙሉ አልመታንም ብሎ ማለልኝ። እንግዲያው ጨለማ ቤት ይዋል፤ ጌታው ብቻ ድምፁን ሳያሰማ እየገባ ያብላው፤ ጠረኑን ይልመድ አልሁ። መድኃኒት አልሰጠሁም። እያደር ይለዝብ ነበር።»

ዋለ ቦራ በተዘጋበት ጎጆ በር ስር ውሃ አስገባ። ቦራ ላፍ ላፍ አድርጎ ጠጣ። ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል፤ ይህ ያበደ አይመስልም። ከዚያ ዋለ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ የጋቢውን ጫፍ ለሟች ሚስት ለላቀች አሳያት።

«እህቴ፣ ይህ ያንቺ ፈትል ነው?»

ላቀች ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ክሩን ዳበሰች። «የኔ አይደለም። የኔ ይቀጥናል። የሱ ጋቢማ መደቡ ላይ ነው፤ ማለዳ ረስቶት ወጣ።»

ዋለ ሰውን ሁሉ ጎጆው ደጅ ሰበሰበ። የተሻገርን ጋቢ ከቤት አስመጥቶ በበሩ ስንጥቅ አስገባ፤ ቦራ አፍንጫውን ቀብሮበት አለቀሰ። ቀጥሎ ሬሳው ከተጠቀለለበት ጋቢ ደም ያልነካውን ጫፍ አስጠጋ። ውሻው እየጮኸ ዘነጣጠለው።

«በጨለማ ውሻ ሰውን በጠረኑ ነው የሚለየው» አለ ዋለ። «ተሻገር እንደታዘዘው ዝም ብሎ ገባ። ቦራ ጌታው መሆኑን አላወቀም፤ ይህን ጋቢ ለብሶ የሚደበድበው ሰው መስሎት ነከሰው። በዚህ ብርድ ጋቢ የሌለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይን ሁሉ በላይነህ ላይ አረፈ።

«ከብቶቼን የሰው ገብስ ላይ ስለቅ እየጮኸ ያጋልጠኝ ነበር» አለ በላይነህ። «ለዚያ መታሁት። ሰው ፊት ማመን አሳፈረኝና ማልሁ። ዛሬ ግን ወንድሜን ሲበርደው አይቼ ጋቢዬን አለበስሁት እንጂ፣ እመ ብርሃንን፣ እንዲህ ይሆናል አላልሁም።»

«እሱን አምንሃለሁ። እኒህን ሰው ለምን አሳሰርህ?»

በላይነህ ሄዶ ገመዱን ራሱ ፈታ። መሪጌታ ሲፈቱ የእጃቸውን ሰንበር እያሹ አለቀሱ። «የመታሁት እኔ ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉት።

በላይነህ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ወደ ወገዳ ይውሰዱኝ።»

«ወገዳ ይደርሳል። እናታችሁ አርብ ገበያ ሄደዋል አሉኝ፤ መርዶው ገና አልደረሳቸውም። አንተ ታረዳቸዋለህ፤ ልጃቸውን ማን እንዳለበሰውም ትነግራቸዋለህ።»