ሁለት ቦታ የሚጽፈው ማሽን

ሙሐሲን መካነ ሰላም ላይ ከከፈተው የኮምፒዩተር ማሰልጠኛ፣ የማሽን ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መብራት ይዞት ነው ተባለ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር የሻለም ግን የብረት መደርደሪያው ላይ ሆን ተብሎ የተላጠ ሽቦ ታስሮ አገኘች። የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሽማግሌው ዘበኛ አራጌና የሟቹ ሸሪክ ንጉሡ ዘንድ ነው። ንጉሡ «ያን ቀን ደጎሎ ከተማ ነበርኩ» አለ፤ አራጌ ታሰሩ። ወይ ፍርድ! ድሃን ለመጠርጠር ማን ይዘገያል?

«የኔትዎርክ ማሽኑ ማን እንደገባ፣ ምን እንዳዘዘ በመልእክት ይመዘግባል አሉኝ። የዚያ ቀኑ የታለ?» አለችው የሻለም ንጉሡን።

«መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ይሰረዛል። ያን ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ሙሐሲን ነፍሱን ይማረውና ደውሎ ነግሮኛል።»

እስር ቤት ሄዳ አራጌን ጠየቀቻቸው።

«ኧረ ምን ጠፍቶ ልጄ! ከጎናችን ያለው የመብራት ወፍጮ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ነው የዋለው።»

ከማሰልጠኛው ጀርባ ካለው የሙሐሲን ቤት ለቅሶ ስትገባ ንጉሡ ከሰው ሁሉ በላይ ያለቅሳል። ሰው መሳይ በሸንጎ! ከአጠገቡ፣ ኮቱን ከጣለበት ሥር፣ አንድ ነገር ያጉረመርማል። የሻለም ኮቱን ገለጠችው፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው።

«ሱሀይላ፣ ይሄ ምን ይሠራል?»

«እንጃ፤ ባሌ ‹እንዳታጠፊው› ብሎኝ ነበር» አለች የሟቹ ሚስት።

የሻለም የተጻፈውን አንብባ ስትጨርስ አራጌን አስመጣች።

«መብራት አልጠፋም፤ ወፍጮው ሲሠራ ውሏል። መዝገቡ ግን የለም፤ ስለዚህ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳው መዝገቡን ማጥፋት የፈለገ ሰው ነው። ሙሐሲን ግን ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች የሐሰት ሰርተፊኬት የሚሠራ ሰው እንዳለ ጠርጥሮ፣ የማሽኑ መልእክት ሁሉ ወደዚህ ኮምፒዩተርም እንዲላክ አዋቅሮት ነበር። በሞተበት ቀን የመጣው የመጨረሻው መልእክት ይኸው፦ ‹መመዝገብ እንዲቆም ታዟል፤ ያዘዘው ንጉሡ፤ በኮንሶል።› በኮንሶል ማለት ከደጎሎ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ ገመድ ሰክቶ፣ ከፊቱ ቆሞ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ሊከሰኝ ነበር…» አለ ንጉሡ።

«ቃሬዛውን ከፊት የተሸከምከው አንተ!» ጮኸች ሱሀይላ። «ወንድሜ ስልህ! እኒህን ሽማግሌ ያስረገምከኝም አንተ!»

ካቴናው ከአራጌ እጅ ወጥቶ ንጉሡ እጅ ገባ። ውጭ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ሱሀይላ ኮቱን አነሳች፤ ሙሐሲን ከጅዳ ሲመለስ ለንጉሡ ያመጣለት ነው። ንጉሡ ሊቀበላት የታሰረ እጁን ዘረጋ።

አልፋው ሄዳ ለአራጌ ደረበችላቸው።

«ጋሽ አራጌ፣ ረግሜዎት ነበር፤ አውፍ ይበሉኝ።»